ሥራ ሳያቋርጡ በተግባራዊ ሥነልሳን ማስተርስ፦ አዲስ አበባ ላይ የትኛው መንገድ ይሻላል?

«በቋንቋ ማስተርስ ልጀምር ነው» የሚል ሰው ገና ሁለት ነገር መወሰን ይቀረዋል። አንደኛው ዘርፉ ነው። ሥነልሳን (ቋንቋን ራሱን የሚያጠናው)፣ ተግባራዊ ሥነልሳን (ያንን ጥናት ለቋንቋ ማስተማርና ለመሰል ሥራ የሚያውለው)፣ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር (በተለምዶ ቴፍል የሚባለው)፣ አማርኛን ማስተማር፣ ሁሉም ጎረቤት ቢመስሉም በተለያዩ ትምህርት ክፍሎች ስር ያሉ የተለያዩ ዲግሪዎች ናቸው። ሁለተኛው የትምህርቱ መልክ ነው፤ ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ክረምት፣ ወይስ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ በርቀት። ሁለቱን ሳይለዩ ማስታወቂያ የተለጠፈበት ሬጅስትራር ሁሉ መሰለፍ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

መጀመሪያ መለኪያው

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወዳድረው የአንድ ክሬዲት ዋጋንና ከቤቱ ያለውን ርቀት ነው። ሁለቱም ቀላል ነገሮች አይደሉም። ነገር ግን እየሠራ የሚማርን ሰው ወደ ኋላ የሚያስቀረው ኮርስ ሳይሆን ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት ጽሑፍ) ነው። ኮርስ የክፍል ሰዓት፣ የቤት ሥራ ማስረከቢያ ቀንና አብሮ የሚማር ጓደኛ አለው። ቴሲስ ላይ ሲደረስ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ መሥሪያ ቤቱ ሥራ ይጨምራል፣ አማካሪው ይጠፋል፣ አንዳንዴም ተማሪው ራሱ ይጠፋል። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ ዲግሪውን ሳይወስድ ዓመታት ያለፉት ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይታጣም።

ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የምንመዝነው በአምስት ነገር ነው፤ ሁለተኛው ከሁሉም ይበልጥ ይከብዳል።

አንደኛ፣ ዲግሪው ለምን ይፈለጋል? ለደረጃ እድገት፣ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር፣ ለፒኤችዲ ወይስ ለትርጉምና ለኮሙኒኬሽን ሥራ? ሁለተኛ፣ ቴሲሱን ማን ያማክራል፣ በየትኛው ቋንቋ ይጻፋል፣ መረጃውስ መቼ ይሰበሰባል? ሦስተኛ፣ በሳምንት በእርግጥ ስንት ሰዓት ይገኛል? አራተኛ፣ ከምዝገባ እስከ ዲፌንስ (ቴሲሱ በፈታኞች ፊት እስከሚቀርብበት) ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? አምስተኛ፣ ዲግሪውን የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ይቀበለዋል?

የመጀመሪያውንና የአምስተኛውን መልስ ከዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ከመሥሪያ ቤትዎ የሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ይውሰዱ። በተለይ መምህር ከሆኑ፣ የሚያስተምሩት ትምህርትና የማስተርሱ ስም የማይገናኙ ከሆነ የደረጃ እድገቱ ላይ ክርክር ይነሳል። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር «ሥነልሳን» የሚል ዲግሪ ይዞ ሲመጣ ዘርፉ አግባብ እንዳለው የሚያስረዳው ራሱ ነው፤ «ቴፍል» የሚል ከያዘ ግን ጥያቄው አይነሳም። ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል፤ የሚያጋጥመው ግን ይህ ነው።

ዘርፉን መለየት

በስድስት ኪሎው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የቋንቋ ትምህርት በሦስት ትምህርት ክፍሎች ተከፋፍሏል ማለት ይቻላል። የሥነልሳንና ፊሎሎጂ (የጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) ትምህርት ክፍል የቋንቋን ድምፅ፣ የቃል አመሠራረትና አገባብ ይተነትናል፤ ብዙም ያልተጠኑ የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን መዝግቦ መግለጽም የቆየ ሥራው ነው። የውጭ ቋንቋዎች ትምህርት ክፍል ቴፍልን ይዟል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነጽሑፍ ትምህርት ክፍል ደግሞ አማርኛን ማስተማር ላይ ያተኮረውን ተግባራዊ ሥነልሳን ይዟል፤ እዚያ ቴሲሱ የሚጻፈው በአማርኛ ነው። ለአንዳንዱ ይህ እፎይታ ነው፣ ለሌላው ግን በኋላ ወደ ውጭ ለማመልከት ሲፈልግ ጽሑፉን የሚያነብለት ያጣል።

የትኛው ይሻላል ከሚለው ክርክር ይልቅ አንድ ቀላል ሥራ ይጠቅማል። የዩኒቨርሲቲው የቴሲስ ማከማቻ በኢንተርኔት ክፍት ነው። ገብተው በሚያስቡት ትምህርት ክፍል ስር በቅርብ ዓመታት የቀረቡ 15 ወይም 20 ቴሲሶችን ርዕስና የአማካሪ ስም ብቻ ያንብቡ። እርስዎ ለመሥራት የሚያስቡትን ዓይነት ጥናት ያማከረ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ ካላገኙ፣ ዘርፉ ስሙ ቢስማማዎትም ቤትዎ አይደለም። ይህን የሚያደርግ አመልካች ጥቂት ነው፤ የሚፈጀው ግን ግማሽ ቀን ነው።

የመግቢያ መስፈርትና የሚያሰናክሉ ወረቀቶች

ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሀገር ውስጥ ማስተርስ ለመግባት በአብዛኛው ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን የቋንቋ፣ የቁጥርና የአመክንዮ ችሎታን ይለካል። የቋንቋ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በቁጥሩ በኩል ነው፤ ከተመረቁ ወዲህ ሒሳብ ነክተው አያውቁም። ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ አማካይና ቀላል አልጀብራ ላይ አንድ ወር ከተሠራ ይበቃል። ከዚህ ሌላ ትምህርት ክፍሉ የራሱን የጽሑፍ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊጨምር ይችላል፤ የሥነልሳኑ ዘርፍ ላይ የድምፅና የቃል ትንተና ጥያቄ ቢመጣ አይደንግጡ።

ከፈተናው ይልቅ ሰው የሚያዘገየው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ስቱደንት ኮፒ ለማመልከት ይበቃል፣ ለመመዝገብ ግን የተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ኦፊሻሉን በቀጥታ ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ መላክ አለበት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆኑ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳዎ ካልተዘጋ አይላክም። ዕዳውን ሲከፍሉ ከቆዩ ከደመወዝ የተቆረጠበትን ማስረጃ፣ በመምህርነት አገልግሎት የሚያካክሱ ከሆነም የአገልግሎት ደብዳቤውን አሟልተው የክሊራንስ ወረቀት ማውጣት አለብዎ። ክፍለ ሀገር የተመረቀ ሰው እዚህ ላይ ብቻ ወር ሊያጠፋ ይችላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ የተመረቁ የመውጫ ፈተናውን ማለፋቸውም ይታያል።

ለውጭ ሀገር ለሚያመለክት ሰው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ስንት ዓመት ፈጀ? የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከመመለሱ በፊት በነበሩት ዓመታት የገቡ የቋንቋ ተማሪዎች ዲግሪያቸው የ3 ዓመት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ራሱ በአብዛኛው 3 ዓመት ስለሆነ በዚያ በኩል ችግሩ ቀላል ነው። አሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የ4 ዓመት ዲግሪ ይጠብቃሉ። ደቡብ አፍሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ «ኦነርስ» የሚባል የአንድ ዓመት ደረጃ አለ፤ ማስተርስ የሚገባው እሱን ወይም አቻውን የያዘ ነው። ማመልከቻ ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ብቻ በኢሜይል ይጠይቁ።

የእንግሊዝኛ ማስረጃም አለ። አይኤልትስም ቶፍልም የሚያገለግሉት ለ2 ዓመት ነው፤ በተግባራዊ ሥነልሳን የሚጠየቀው ነጥብ ብዙውን ጊዜ አይኤልትስ 6.5 ወይም 7 ነው። የተማሩት በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አውጥተው ቢልኩ ፈተናውን የሚተዉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ደብዳቤው ርካሽ፣ ፈተናው ውድ ስለሆነ በደብዳቤው ይጀምሩ።

ኮርሶቹ ምን ይጠይቃሉ?

ስማቸው ከቦታ ቦታ ቢለያይም የኮርሶቹ አጥንት አንድ ነው፤ የቋንቋ ትንተና (ድምፅ፣ ቃል፣ አገባብ)፣ የሁለተኛ ቋንቋ ለመዳ (ሰው ሌላ ቋንቋ እንዴት እንደሚለምድ)፣ ማኅበራዊ ሥነልሳን (ቋንቋ በማኅበረሰብ ውስጥ)፣ ዲስኩር ትንተና (ከዓረፍተ ነገር በላይ ያለ ንግግርና ጽሑፍ ትንተና)፣ የቋንቋ ምዘና፣ የሥርዓተ ትምህርትና የመማሪያ መሣሪያ ዝግጅት፣ የምርምር ዘዴ። የሀገር ውስጡ ፕሮግራም ከኮርስና ከቴሲስ ጋር ብዙ ጊዜ 30 እና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ክሬዲት ይሆናል። ለመመረቅ አማካይ ውጤት 3.00 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ማስተርስ ላይ ሲ ማለፊያ አይደለም፣ አንድ ሲ በመጣ ቁጥር ባለ እኩል ክሬዲት ኤ ሊያካክሰው ይገባል።

ሥራ ላይ ላለ ሰው የኮርሶቹ ክብደት እኩል አይደለም። የቋንቋ ምዘና ለመምህር የተሰጠ ስጦታ ነው፤ የቤት ሥራውን ከራሱ ክፍል ፈተና ይሠራዋል። 40 ተማሪ የወሰደውን ፈተና ያርሙና በውጤት ቅደም ተከተል ያስቀምጡ። ከላይ 27 በመቶውን፣ ማለትም 11 ተማሪ፣ ከታችም 11 ይውሰዱ። አንድን ጥያቄ ከላይኞቹ 9፣ ከታችኞቹ 4 ከመለሱት ጎበዙን ከደካማው የመለየት ኃይሉ (9-4)÷11፣ ማለትም 0.45 ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው ማለት ነው። ውጤቱ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ወይም ኔጋቲቭ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ተማሪው ጋ ሳይሆን ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ምርጫ ላይ ወይም የመልስ ቁልፉ ላይ ነው።

የድምፅ ኮርስ በተቃራኒው ጸጥታና መሣሪያ ይፈልጋል። የሚሠራበት ፕራት የተባለው ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ ነው፤ ችግሩ ቅጂው ነው። ብዙ ተማሪ በቴሌግራም የተላከ ድምፅ ያመጣና የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅን ርዝመት ለመለካት ይሞክራል። ድምፁ ስለተጨመቀ የሚለካው ነገር ደብዝዟል። በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ በዌቭ ፋይል፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ማይክሮፎኑ ከአፍ ወደ ጎን ትንሽ ዞሮ መቀዳት አለበት። ፒያሳና ሜክሲኮ አካባቢ ቤት ላለው ሰው ለዚህ የሚመቸው ጊዜ ማለዳ ከታክሲው ጫጫታ በፊት ነው፤ ሆኖም የቤተ ክርስቲያኑንና የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚበላው ግን የአማርኛ ጽሑፍ ስብስብን በኮምፒዩተር መተንተን ነው፤ ርዕሱ ማራኪ ስለሆነ ብዙዎች ለቴሲስም ይመርጡታል። ለምሳሌ የ8ኛ ክፍል መጻሕፍትን ቃላት መቁጠር ፈለጉ እንበል። የመጀመሪያው እንቅፋት ፋይሉ ነው። በድሮዎቹ የግእዝ ፎንቶች የተተየበ ፒዲኤፍ ሲገለበጥ የማይነበብ የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል፤ ጽሑፉ ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) አይደለማ። ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ ቅርጻቸው የሚለያይ ፊደላት ናቸው። አንትኮንክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም «ዓለም» እና «አለም»ን፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ ከመቁጠር በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሙሉ ቤታቸው መለወጥ ያስፈልጋል፤ ይህን ማድረጉም በዘዴ ምዕራፉ ይጻፋል። ዓ እና አ፣ ሃ እና ሀ አንድ ዓይነት እየተነበቡ በተለያየ ቤት ስለሚገኙ የሚረሱ እነሱ ናቸው። ሦስተኛው ቅጥያ ነው፤ «በቤት»፣ «ለቤቱ»፣ «ከቤታችን» ለማሽኑ ሦስት ቃል ናቸው። ሆርንሞርፎ የሚባለው መሣሪያ የአማርኛን ቃል እየበተነ ሥሩን ያወጣል፤ ነገር ግን ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መነካካት ይጠይቃል። በሳምንት 5 ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ይህን ርዕስ ባይመርጥ እንመክራለን።

የማታና የቅዳሜና እሑድ ትምህርት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ

ለአብዛኛው የመሀል ከተማ ሠራተኛ ዋናው አማራጭ ይህ ነው። የሰዓቱን ስሌት እንየው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በ16 ሳምንት 48 የክፍል ሰዓት ነው። በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ከወሰዱ በሳምንት 6 ሰዓት ክፍል፣ እጥፉን ለንባብ ቢያደርጉ 12፣ በድምሩ 18 ሰዓት። 24 ክሬዲት ኮርስ ማለት ስምንት ኮርስ ነው፤ በዚህ ፍጥነት አራት ሴሚስተር ይወስዳል። ቴሲሱ ሁለት ሴሚስተር ሲጨመርበት 3 ዓመት። ሦስት ሦስት ኮርስ እየወሰዱ ለማሳጠር የሚሞክሩ ብዙ ናቸው፤ የበጀት መዝጊያ ሰኔ ላይ ለሚሠራ የሒሳብ ወይም የዕቅድ ሠራተኛ ግን የሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ከሥራው ጫፍ ጋር ይጋጫል።

ማታ ክፍል የሚጀመረው ቢሮ በሚወጣበት ሰዓት ገደማ ነው። ከአራት ኪሎ ለሚነሳ ሰው ስድስት ኪሎ የእግር መንገድ ነው፤ ከሜክሲኮ ወይም ከቦሌ ለሚነሳ ግን በ11:30 የታክሲ ሰልፍ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ትምህርት ይወስድበታል፤ መገኘት ደግሞ ይቆጠራል። የሥራ ቦታዎ ከግቢው በታክሲ ከሁለት መስመር በላይ ከሆነ የቅዳሜና እሑዱን ይምረጡ፤ ትምህርት ክፍሉ ያንን ከከፈተ። ተመዝጋቢ ካነሰ ክፍሉ ላይከፈት ይችላልና ዝቅተኛው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ካልሞላ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ቴሲሱ ላይ ነው። አማካሪው በአካል አለ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት እዚያው ግቢ ነው፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። የመረጃ መሰብሰቢያውም ቅርብ ነው። እዚህ ላይ ግን የዘመን አቆጣጠሩን ማሰብ ይገባል። ትምህርት ቤት ገብቶ መረጃ ለመሰብሰብ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይወጣል፣ ወደ ትምህርት ቢሮ ወይም ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ ለርእሰ መምህሩ ይጻፋል። ጥር በፈተና ይያዛል፣ ከሰኔ በኋላ ተማሪ የለም። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ሰኔ ላይ የጸደቀለት ሰው እስከ ጥቅምት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ መስከረም ላይ የጸደቀለት ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መሰብሰብ ይችላል። ወቅቱን ባለማስላት ወራት የሚጠፉት እንዲህ ነው። ቃለ መጠይቅ ካለ ደግሞ የአንድ ሰዓት ቅጂ በጽሑፍ ለማስፈር ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ አሥር ሰው 45 ደቂቃ ቢያናግሩ ከ30 እስከ 45 ሰዓት ማለት ነው።

ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ለመምህራን የተቃኘ በመሆኑ ከመገናኛ ማዶ ለሚኖር መምህር መታየት ያለበት ነው።

ክረምት

ለመምህራን ብቻ የሚመች መንገድ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኮርሱ ይጀመራል። አንድ ሴሚስተር የሚፈጀው ኮርስ በሳምንታት ስለሚታጨቅ ንባቡ ይጨናነቃል። በክረምቶቹ መካከል ግን ነጻ የሆኑ ወራት አሉ፤ እነሱን ለመረጃ መሰብሰቢያ የሚጠቀም መምህር ከማታ ተማሪው ቀድሞ ይጨርሳል። ችግሩ አማካሪው ከመስከረም በኋላ በመደበኛ ተማሪዎቹ መያዙ ነው። የመገናኛ ቀን በጽሑፍ ሳይስማሙ ነሐሴ ላይ አይለያዩ።

የግል ተቋማት

በግል ዩኒቨርሲቲዎች የቅዳሜና እሑድ ማስተርስ ሲበዛ ያለው በቢዝነስና በአስተዳደር ነው፤ በቋንቋ ያለው ጥቂት ነው። ካገኙ አንድ ነገር ያረጋግጡ፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጠው ለዚያ ፕሮግራም፣ ለዚያ ካምፓስና ለዚያ የትምህርት መልክ መሆኑን። ተቋሙ ፈቃድ አለው ማለት እያንዳንዱ ፕሮግራም አለው ማለት አይደለም።

ከውጭ በርቀት

እዚህ ሦስት ሀገር ይለያያሉ።

የእንግሊዝ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው፤ አንድ ክሬዲት 10 የሥራ ሰዓት ተብሎ ስለሚቆጠር 1,800 ሰዓት ይሆናል። በ30 ወር ሲከፋፈል በሳምንት ወደ 14 ሰዓት ነው። በርሚንግሃምን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተግባራዊ ሥነልሳንን በርቀት ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ምዘናው በአብዛኛው በረጅም ጽሑፍ እንጂ በፈተና አይደለም፤ ማስረከቢያ ቀን ሲያልፍ ነጥብ ይቆረጣል። በቀጥታ የሚሰጥ ሴሚናር ካለ ለንደን ከምሽቱ 12 ሰዓት በእነሱ ክረምት ለእኛ ምሽት 3 ሰዓት፣ በበጋቸው 2 ሰዓት ነው፤ የሚቻል ነው።

አሜሪካ ላይ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ሆኖ፣ ማጠቃለያው ቴሲስ ወይም ፕሮጀክት ወይም አጠቃላይ ፈተና ነው። ፒኤችዲ የሚያስብ ሰው ቴሲስ ያለበትን ይምረጥ። ቦስተን ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምር ክፍል እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። «ኦንላይን» የሚለው ቃል አያዘናጋዎ፤ በራስ ጊዜ የሚታይ ነው ወይስ በቀጥታ የሚሰጥ ብለው ይጠይቁ።

የደቡብ አፍሪካው የርቀት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳ አቃቂ ላይ ማዕከል አለው። ማስተርሱ በአብዛኛው በምርምር ስለሆነ ክፍል የለም፤ ፕሮፖዛል፣ አማካሪ፣ ከዚያ ጽሑፉ። የውጭ ዲግሪ በዚያ ሀገር የብቃት ባለሥልጣን መገምገም አለበት። ምርምር ለለመደ ሰው ይመቻል፤ የምርምር ዘዴን ገና ለሚማር ሰው ግን ብቸኛ መንገድ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ዋጋውን በብር አንዴ ተርጉሞ መተው ያሳስታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ደረሰ። ያኔ ግማሹን ከፍሎ የነበረ ሰው ሁለተኛው ግማሽ በብር ወደ እጥፍ ተጠግቶበታል። የቅበላ ደብዳቤና በተቋሙ ስም የወጣ ኢንቮይስ ይዘው ባንክዎን አስቀድመው ያነጋግሩ።

ስኮላርሺፕ ተስፋ ለሚያደርጉ ደግሞ፣ የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ ለኮመንዌልዝ አባል ሀገራት ነው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ቺቭኒንግ የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሙሉ ጊዜ እንግሊዝ ሄዶ ለሚማር እንጂ ለርቀት አይሰጥም።

የውጭ ዲግሪው ሲመጣ የአቻ ግምት (ከሀገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑን ማረጋገጫ) የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በርቀት የተገኘ መሆኑን ገልጸው ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከተመረቁ በኋላ የሚመጣ «አይሆንም» መድኃኒት የለውም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሳምንት ሰዓት | የሚፈጀው ጊዜ | የቴሲስ ሁኔታ | ዋናው ወጪ | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ማታ ወይም ቅዳሜና እሑድ፣ መንግሥት | 18 ገደማ፣ መንገድ ሳይጨምር | ወደ 3 ዓመት | አማካሪ በአካል፣ መረጃ ቅርብ | በክሬዲት፣ ቴሲስ ለብቻ | ፕሮፖዛል ከትምህርት ቤት ወቅት ጋር አለመግጠም |
| ክረምት | ክረምት ሙሉ ቀን | በርካታ ክረምት | በመካከል ያሉ ወራት ነጻ | በክሬዲትና ማረፊያ | የአማካሪ መጥፋት |
| የግል | ከማታው ጋር ተቀራራቢ | ከማታው ጋር ተቀራራቢ | እንደ መምህራኑ | በክሬዲት፣ ከፍ ያለ | የፕሮግራም ፈቃድ |
| እንግሊዝ፣ ርቀት | 14 ገደማ | 30 ወር ገደማ | በኢሜይልና በቪዲዮ | ፓውንድ | የምንዛሪ ለውጥ |
| አሜሪካ፣ ኦንላይን | እንደ ኮርሱ ብዛት | እንደ ኮርሱ ብዛት | ቴሲስ ላይኖር ይችላል | ዶላር | የ3 ዓመት ዲግሪ፣ የሌሊት ክፍል |
| ደቡብ አፍሪካ፣ ምርምር | ራስ የሚወስነው | እንደ ጽሑፉ | ሁሉም ነገር ቴሲስ ነው | ራንድ | ኦነርስ፣ ብቸኝነት |

ለማን የትኛው?

የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ከሆኑና ዓላማዎ ደረጃ ከሆነ፣ ቴፍል በክረምት። የአማርኛ መምህር ወይም የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ከሆኑ፣ አማርኛን ማስተማር ላይ ያተኮረው ዘርፍ፤ ቴሲሱን ከሚሠሩት መጽሐፍ ጋር ያገናኙት።

ዩኒቨርሲቲ ለማስተማርና ወደ ፒኤችዲ ለመሄድ ከሆነ ቴሲስ ያለው የማታ ፕሮግራም ይሻላል፣ ክፍያው ቢከብድም። ሌክቸረር ለመሆን ማስተርሱ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቁት ግን ምን ጻፍክ ነው።

ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ለሚሠራ፣ በውጭ ገንዘብ ለሚከፈለው፣ የሥራ ጉዞ ለሚበዛበት ሰው የእንግሊዝ ርቀት ይስማማዋል፤ መገኘት አይቆጠርበትም። በብር ለሚከፈለው ሰው ግን ብድር ገብቶ ይህን መንገድ መጀመር አንመክርም።

ተርጓሚና አርታኢ ለሆነ ሰው ማስተርሱ በቀጥታ ክፍያ አይጨምርለትም። ዲስኩር ትንተናና የጽሑፍ ስብስብ ትንተና ይጠቅሙታል፤ ሁለቱ ኮርሶች በምርጫ መልክ ያሉበትን ፕሮግራም ይፈልግ፣ ካላገኘም አይቸኩል።

መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ሰው ውሉን ያንብብ። ስንት ዓመት ማገልገል እንደሚጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ ቴሲሱ ቢዘገይ ክፍያው ይቀጥላል ወይ የሚለው ከተፈረመ በኋላ ነው የሚታወሰው።

መስከረም ላይ ለመጀመር ያሰበ ሰው የወጪ መጋራት ክሊራንሱን ግንቦት ላይ ይጀምር፣ ኦፊሻሉን ሰኔ ላይ ያስልክ፣ የመግቢያ ፈተናውን የምዝገባ ማስታወቂያ ከትምህርት ሚኒስቴር ገጽ ይከታተል፣ ለአማካሪነት ያሰበውን መምህር ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ለክረምት ሳይበተን ሄዶ ያነጋግር።